መናፍስቱን የደበቋቸው ሰዎች
ከ«ሂል ሀውስ» ተከታታይ ድራማ በስተጀርባ

የሚያስፈራ ፊልም አልወድም የሚሉ ከሆነ ይህን ገጽ ቶሎ አይግለጡት። «ዘ ሃውንቲንግ ኦፍ ሂል ሀውስ» በስሙ የመናፍስት ታሪክ ነው። አሥሩንም ክፍል አይቶ የጨረሰ ሰው ግን በልቡ ይዞ የሚነሳው መናፍስቱን አይደለም። አምስት ልጆች፣ አንዲት እናት፣ አንድ ዝምተኛ አባት፣ ከዚያም ለ26 ዓመት ማንም ያላወራው አንድ ሌሊት ነው። ድራማው በኔትፍሊክስ የወጣው በኦክቶበር 2018 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም ቅዳሜ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ «ምን እንይ?» ለሚሉ ባልና ሚስት ከምመርጥላቸው የመጀመሪያው ነው።

ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ልንገርዎ፤ ምሥጢሩን አላወጣም። ሂዩ እና ኦሊቪያ ክሬይን አሮጌ ቤት ገዝተው፣ አድሰው፣ አትርፈው በመሸጥ የሚተዳደሩ ባልና ሚስት ናቸው። በ1992 ክረምት ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ሂል ሀውስ ወደሚባል ትልቅ ቤት ይገባሉ። አንድ ሌሊት አባትየው ልጆቹን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሶ፣ መኪና ውስጥ ከትቶ፣ እናታቸውን ትቶ ይሸሻል። እናት በዚያው ሌሊት ትሞታለች። ልጆቹ አድገው፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ተበታትነው ሳለ የመጨረሻዋ ልጅ ኔል ወደዚያ ቤት ተመልሳ ሕይወቷ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ወንድምና እህት ሲወቃቀሱ ያየ ሰው ይህን ድራማ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ድራማውን ሲከፍቱ ግራ መጋባታቸው አይቀርም። ሸርሊ ጃክሰን በ1959 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ይህ ቤተሰብ ጨርሶ የለም። በመጽሐፉ ዶክተር ሞንታግ የተባለ ምሁር መናፍስት አሉበት የሚባለውን ቤት ለማጥናት የማይተዋወቁ ጥቂት ሰዎችን ይጋብዛል፤ ኤሌኖር፣ ቴዎዶራ እና ሉክ ይመጣሉ። የድራማው ዳይሬክተር ማይክ ፍላናጋን እነዚህን ስሞች ወስዶ እህትማማችና ወንድም አደረጋቸው። ኤሌኖር ኔል ሆነች፣ ቴዎዶራ ቴዎ፣ ሉክም የኔል መንታ። ታላቅ እህታቸውን ደግሞ በደራሲዋ ስም ሸርሊ አላት።

ስለ ጃክሰን ራሷ ትንሽ ልበል፤ ለእንዲህ ዓይነት መጽሔት አንባቢ ቅርብ የሆነች ሴት ናትና። የአራት ልጆች እናት ነበረች። ባሏ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲና የኮሌጅ መምህር ሲሆን፣ ቤታቸው ቬርሞንት ውስጥ በመጽሐፍና በልጆች ጫጫታ የተሞላ ነበር። በአንድ በኩል ሰው የሚያስደነግጡ ታሪኮችን ትጽፋለች፤ በሌላ በኩል ለቤት እመቤቶች መጽሔቶች ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጓዳዋና ስለ ማለቂያ የሌለው የቤት ሥራ የሚያስቁ ጽሑፎችን ትልካለች። እነዚህን ጽሑፎች ሰብስባ በ1953 በመጽሐፍ አውጥታቸዋለች። ቤተሰቡም በብዛት የሚኖረው ከእርሷ ብዕር በሚገኘው ገቢ ነበር። ያረፈችው በ1965፣ በ48 ዓመቷ ነው። ቤት ሰውን እንዴት እንደሚያቅፍም፣ እንዴት እንደሚውጥም ለመጻፍ ከእርሷ የተሻለ ማን ያውቃል?

የተመረጠ ቤተሰብ

ፍላናጋን የተወለደው በ1692 በተካሄደው የጠንቋዮች ክስ ስሟ በሚነሳው በሴለም ከተማ ነው። ከሂል ሀውስ በፊት «ኦኩለስ»፣ «ሀሽ» እና «ጄራልድስ ጌም» የተባሉትን ፊልሞች ሠርቷል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሰውየው ከተዋንያኑ ጋር ያለው ግንኙነት ይማርከኛል። እኛ አንድ ደንበኛ ተመልሶ እንዲመጣ ስንት በጀት እንመድባለን፤ እርሱ ግን ዞሮ ዞሮ እነዚያኑ ሰዎች ይጠራል፣ እነርሱም ይመጣሉ። እናትየዋን ኦሊቪያን የምትጫወተው ካርላ ጉጂኖና ወጣቱን አባት የሚጫወተው ሄንሪ ቶማስ ከ«ጄራልድስ ጌም» የመጡ ናቸው። ጓንት ሳታጠልቅ ማንንም የማትነካውን ቴዎን የምትጫወተው ኬት ሲገል ደግሞ የዳይሬክተሩ ባለቤት ናት፤ «ሀሽ»ን አብረው ነው የጻፉት። የቤት ሰው መቅጠር አንዳንዴ ሐሜት ያመጣል። እዚህ ግን የቴዎን ድርሻ ያየ ሰው የሚያማው የሚያገኝ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ የምወደው የአባትየው ምርጫ ነው። ሂዩን ሁለት ሰዎች ይጫወቱታል። ወጣቱ ሄንሪ ቶማስ በ1982 በወጣው «ኢ.ቲ.» ፊልም ከሌላ ዓለም የመጣውን ፍጡር ጓዳ ውስጥ የደበቀው ያ ትንሽ ልጅ ነው። ወላጆችዎ ቪዲዮ ካሴት ያከራዩ ከነበሩበት ዘመን ምናልባት ያስታውሱታል። ያ ልጅ አድጎ አሁን «አባዬ፣ ክፍሌ ውስጥ የሆነ ሰው አለ» የሚሉትን ልጆች የሚያባብል አባት ሆኗል። ሽማግሌው ሂዩ ደግሞ ቲሞቲ ሀተን ነው። ሀተን በ20 ዓመቱ «ኦርዲነሪ ፒፕል» በተባለው ፊልም የኦስካር ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ በዚያ ፊልም የነበረው ድርሻ ወንድሙ ሞቶበት ቤተሰቡ በዝምታ የተሰነጠቀበት ወጣት ነበር። ያኔ የሚናገረው ያጣ ልጅ፣ ከ38 ዓመት በኋላ የሚናገረው ያጣ አባት ሆኖ መጣ። ይህ በአጋጣሚ ይሁን በዕቅድ፣ ሀተን በዝምታ የሚቆምባቸውን ትዕይንቶች ሳይ ከጀርባው ያ የድሮ ልጅ ይታየኛል።

ሌላም የታሰበበት ምርጫ አለ። መጽሐፉ መጀመሪያ ወደ ፊልም የተለወጠው በ1963፣ በሮበርት ዋይዝ ዳይሬክተርነት ነበር። በዚያ ፊልም ሉክን የተጫወተው ረስ ታምብሊን በድራማው ውስጥ የኔል ሐኪም ሆኖ ብቅ ይላል። ስሙም ዶክተር ሞንታግ ነው።

ኔልን የምትጫወተው ቪክቶሪያ ፔድሬቲ ግን ከዚያ በፊት ማንም የማያውቃት ነበረች። በ2017 ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ቤት ተመርቃ ወጣች፤ ይህ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። አምስተኛውን ክፍል ለብቻዋ ተሸክማ ትዘልቃለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኔልን የምታስፈራት አንገቷ የተሰበረ ሴት ማን እንደሆነች የሚታወቀው በዚያ ክፍል ነው፤ እኔ አልነግርዎትም። ክፍሉ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ መቀመጤን ብቻ ልንገርዎ።

ሕፃናቱንም መርሳት አይገባም። ትንሿ ኔል ቫዮሌት ማግሮው፣ ትንሹ ሉክ ጁሊያን ሂሊያርድ፣ ትንሿ ቴዎ ማኬና ግሬስ፣ ትንሿ ሸርሊ ሉሉ ዊልሰን፣ ትንሹ ስቲቨን ደግሞ ፓክስተን ሲንግልተን ናቸው። ሉሉ ቀደም ሲልም ከፍላናጋን ጋር ሠርታለች። ቫዮሌትን ከዚያ ወዲህ «ሜጋን» በተባለው የአሻንጉሊት ፊልም አይተዋት ይሆናል። የሚገርመው የሕፃናቱና የትልልቆቹ መመሳሰል የመልክ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዱ ትከሻውን የሚሰብርበት፣ ሌላዋ ከንፈሯን የምትነክስበት መንገድ ሳይቀር ይሄዳል።

ስድስተኛው ክፍል

ስለ ባለሙያዎቹ ማውራት ካለብን ስድስተኛው ክፍል ላይ መቆም ግድ ነው። የኔል አስከሬን በእህቷ የቀብር አገልግሎት ቤት ተቀምጧል፤ ውጭ ዶፍ ይጥላል፤ ቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቧል። ክፍሉ የተሠራው ከአምስት ረጃጅም ቀረጻዎች ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ረጅሙ ከ17 ደቂቃ ያልፋል። በእነዚያ ደቂቃዎች ካሜራው አይቆምም፣ ምስሉ አይቆረጥም፤ ተዋንያኑ እየተናገሩ፣ እየተጣሉ፣ እያለቀሱ ካሜራው በመካከላቸው ይዞራል። አንድ ሰው በ16ኛው ደቂቃ አንድ ቃል ቢስት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ይህ በቀረጻው ቀን የሚታሰብ ነገር አይደለም። ሂል ሀውስ ከውጭ የሚታየው ጆርጂያ ግዛት ላግሬንጅ ከተማ ያለ እውነተኛ ቤት ነው፤ ውስጡ ግን አትላንታ ስቱዲዮ ውስጥ የተገነባ ነው። የቀብር አገልግሎት ቤቱና አሮጌው ቤት በኮሪደር እንዲገናኙ ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ክፍል ሲባል ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሂዩ ከለቅሶው ተነስቶ በኮሪደሩ ሲሄድ፣ ምስሉ ሳይቆረጥ፣ ከ26 ዓመት በፊት ወደነበረው ቤቱ ይገባል። የፎቶግራፍ ዳይሬክተሩ ማይክል ፊሞኛሪና ቡድኑ ብርሃኑን፣ መብረቁንና የካሜራውን መንገድ ለሳምንታት ተለማመዱት። ያን ልምምድ መጀመሪያ የሠሩት ደግሞ ስማቸው ፖስተር ላይ የማይወጣ፣ በተዋንያኑ ቦታ ተተክተው የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። የዋናዎቹን ንግግር ይዘው፣ እርምጃቸውን ቆጥረው፣ መንገዱን ጠርገው ከጨረሱ በኋላ ነው ትልልቆቹ የገቡት።

በዚያ ክፍል አንድ ቦታ አለ። አባትየው ከበሩ ገብቶ ልጆቹን ቀና ብሎ ሲያይ የቆሙት ሕፃናት ናቸው፤ ካሜራው ዞሮ ሲመለስ ትልልቆች ሆነው ይጠብቁታል። የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። ካሜራው ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት ሕፃናቱ ወጥተው ትልልቆቹ ገቡ፤ በቃ። ወላጅ ከሆኑ ይህ ቅጽበት ምን እንደሚል አላብራራልዎትም፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የተመለሰ ልጅ በር ሲያንኳኳ እርስዎም አይተውታል።

በጥግ የቆሙት

አሁን ወደ ርዕሱ። ፍላናጋንና ባልደረቦቹ በድራማው ውስጥ በርካታ መናፍስትን ደብቀዋል። ከደረጃ ሥር፣ ከመስኮት ጀርባ፣ ከፒያኖው አጠገብ ፊት ይታያል፤ ማንም አያነሳውም፣ ሙዚቃውም አይጮኽም። ተዋንያኑ ከፊት ሆነው ስለ ተራ ነገር ያወራሉ። እርስዎ ሳያዩት ያልፋል፤ ዓይንዎ ግን አይቶታል፤ ለዚህ ነው ምንም ሳይሆን ልብዎ የሚመታው።

እንደ ባለሙያ ስናገር፣ ይህ ላለፉት ዓመታት ካየኋቸው ብልህ የማስተዋወቅ ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ቢልቦርድ አላስፈለገውም። ድራማው በወጣ በቀናት ውስጥ ተመልካቾች ምስሉን እያቆሙ፣ ብርሃኑን እየጨመሩ፣ «እዚህ ጋ አንድ አለ» እየተባባሉ ለወራት ሲያስተዋውቁት ከረሙ። ዝነኛው ደራሲ ስቴፈን ኪንግም በይፋ አወድሶታል። የሙዚቃው ባለቤቶች «ዘ ኒውተን ብራዘርስ» ይባላሉ። በነገራችን ላይ ወንድማማቾች አይደሉም፤ ቴይለር ስቱዋርትና አንዲ ግራሽ የተባሉ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ብዙ ቦታ ላይ ትልቁ ሥራቸው ዝም ማለት ነው።

ሁሉም አልተዋጣለትም። የመጨረሻው ክፍል ለእኔ ይጣፍጣል፤ ከሚገባው በላይ ይጣፍጣል። ጃክሰን መጽሐፏን የጨረሰችው ያለ ምሕረት ነው፤ ድራማው ግን አንባቢዎቿ የማይጠብቁትን ማጽናኛ ይሰጣል። የተዋንያኑ ረጃጅም ንግግሮችም አንዳንዴ ሰው የሚናገረውን ሳይሆን ሰው የሚጽፈውን ይመስላሉ።

ቢሆንም ድራማው ወላጅን የሚይዝበት ጥያቄ አንድ ነው። ትንሹ ሉክ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰውዬ አየሁ ይላል፤ ኔል ሴትዮዋ አልጋዬ ሥር ቆማለች ትላለች። ወላጆቻቸው ደግ ናቸው፣ አይቆጡም፤ አቅፈው «ሕልም ነው» ይላሉ። ከዚያ እናት ስትሞት አባት ያን ሌሊት የሆነውን አልነገራቸውም። ሊጠብቃቸው ፈልጎ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ቢቆይም ይነገራል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ትከሻ ተይዞ ይነገራል። የክሬይን ልጆች ግን መርዷቸው ሳይነገራቸው አደጉ። አንዱ ታሪኩን ጽፎ ሸጠው፣ አንዷ አስከሬን ማሳመር ሥራዋ ሆነ፣ አንዷ ሰው መንካት ፈራች፣ አንዱ በአደንዛዥ ዕፅ ተጠመደ፣ ትንሿ ወደ ቤቱ ተመለሰች። ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚህ ቤት ድረስ የሚገባው ይህ ነው።

ለማየት ካሰቡ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ደረጃው የአዋቂ ነው፤ ከማስፈራቱ ባሻገር ራስን ማጥፋትና ሱስ በግልጽ ይነሱበታል። በቤትዎ በቅርብ ሐዘን ካለ ይቆይልዎ። ልጆች በዚያው አካውንት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የእርስዎን ፕሮፋይል በይለፍ ቁጥር ይቆልፉት፤ ኔትፍሊክስ ላይ በቅንብሩ ውስጥ ይገኛል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከጨረሱት በኋላ እነዚህን ሰዎች ከናፈቁ በ2020 የወጣው «ዘ ሃውንቲንግ ኦፍ ብላይ ማነር» አለልዎት። መነሻው ሄንሪ ጄምስ በ1898 ያሳተመው የመናፍስት ታሪክ ነው። ፔድሬቲ ሞግዚት ሆና፣ ሄንሪ ቶማስና ሉክን የተጫወተው ኦሊቨር ጃክሰን-ኮኸን በሌላ ስም፣ ካርላ ጉጂኖም በተራኪነት ተመልሰዋል። ታሪኮቹ አይገናኙም፤ ከየትኛውም መጀመር ይችላሉ። እኔ ግን ከሂል ሀውስ ይጀምሩ እላለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት ደግሞ የሚናገሩትን ሰዎች ትተው ከኋላቸው ያለውን ጨለማ ይመልከቱ።