መምህሩንስ ማን ይደግፈው?

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወላጆቹ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብለው ይጠይቁታል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ተማሪ ፈተናውን እንዳለፈ ይጠይቃል። ነገር ግን መምህሩን «አንተስ እንዴት ሰነበትህ? ሥራው እንዴት ሆነልህ?» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ የተዘነጋ ጥያቄ ነው።

ከኮሌጅ ገና የወጣ አንድ ወጣት መምህር ወደ ሩቅ ገጠር ተመደበ እንበል። በአገሩ ዘመድ የለውም፤ ቤቱ የኪራይ ነው፤ በክፍሉም ስድሳ ልጆች ተቀምጠዋል። ያዘጋጀው ትምህርት በመካከሉ ሲበላሽበት፥ በኋላ የተቀመጡት ልጆችም ሲንጫጩ፥ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ያደርጋል። ተቈጣጣሪ አልፎ አልፎ መጥቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ጉድለቱን ይጽፋል፤ ፈርሞም ይሄዳል። ያ ወጣት በማግሥቱ ፍርሀቱ ይጨምራል እንጂ ዕውቀቱ አይጨምርም። እንዲህ ሆኖ ከቈየ በኋላ ሌላ ሥራ ቢፈልግ የሚያስደንቅ አይደለም። ጉዳቱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ስድሳ ልጆች እንደ ገና ሌላ ጀማሪ ይጠብቃሉ።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆነውን ነገር ከስፖርት ሜዳ ልንማር እንችላለን። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፥ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። የአሠልጣኝ ሥራ በሯጩ ፈንታ መሮጥ አይደለም፤ በሩጫው መጨረሻ ላይ ቆሞ መፍረድም አይደለም። ሯጩ ራሱን ሊያይ በማይችልበት ጊዜ ዓይን ሆኖ ማየት፥ በደከመም ጊዜ ማበርታት ነው።

በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ከትምህርቱ በፊት መምህሩን «ዛሬ ምን እንድመለከትልህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ «የኋለኞቹ ልጆች አይሳተፉም» ቢል፥ አሠልጣኙ ሌላውን ትቶ ከኋለኞቹ መካከል ስንቶቹ እንደ ተጠየቁ ይቈጥራል። ከትምህርቱም በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ለሚመጣው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይመርጣሉ። መራጩ መምህሩ ነው። አሠልጣኙም ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ነገር ያያል።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፥ ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ልምድ ባለው መካሪ እንዲረዳ፥ እያንዳንዱም መምህር በየዓመቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ወስኖ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያም በ2015 በተጀመረው «ቱሶሜ» በተባለው የንባብ ፕሮግራም፥ የመንግሥት ድጋፍ ሰጪዎች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ትምህርቱን ይመለከቱና ከመምህሩ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ለጉዞአቸውም የመጓጓዣ ወጪ ይከፈላቸው ነበር፤ ያለ መጓጓዣ ጉብኝት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራልና።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ይህን መልካም ሥራ ሊያበላሹት ይችላሉ። አንደኛው፥ የሚመክረውና የሥራ ውጤት ነጥብ የሚሰጠው ሰው አንድ መሆን ነው። መምህር ድካሙን በግልጽ የሚናገረው ቃሉ ተመልሶ ዕድገቱን እንደማያስቀርበት ሲያውቅ ነው። ሁለተኛው፥ ድጋፉ ወደ ወረቀት ሥራ መለወጡ ነው። ማኅደሩ ሞልቶ ክፍሉ እንደ ነበረ ከቀረ ምን ጥቅም አለው?

ደግሞም ምክር ደመወዝን፥ ቤትንና መጽሐፍን አይተካም። በ1966 በፓሪስ የጸደቀው የዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት የመምህራን ምክረ አሳብም ስለ መምህራን ሙያ ብቻ ሳይሆን ስለ ኑሮአቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ ጭምር የተናገረ ነው። የተራበን ሰው «አይዞህ» ብሎ መመለስ ድጋፍ አይባልም።

ስለዚህ በኃላፊነት ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ለመካሪው ጊዜና መጓጓዣ ስጡት፤ የመምህሩንም ምሥጢር ጠብቁለት። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው፥ ብቻውን የሚታገል መምህር አጠገቡ አንድ ሰው ቢያገኝ ይበረታል። እንግዲህ ትምህርት ቤት በምትጐበኙበት ጊዜ፥ መዝገቡን ከመክፈታችሁ በፊት መምህሩን እንዴት እንደ ሰነበተ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው አድምጡት።