የደጋው አጃ በበዓል ማዕድ



ሃምሳ አምስት ቀን የቆየው ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ቤተ ዘመድ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ በብዙ ቤት ውስጥ ከማዕዱ ፈንጠር ብሎ የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ምናልባት የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ናቸው፤ ምናልባትም ሐኪም ክብደቷን እንድትቀንስ የመከራት እኅት ናት። ኬኩና ብስኩቱ ሲዞር «ይቅርብኝ» ይላሉ። ባለቤቲቱ ደግሞ «በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ምንም አይልዎትም» እያለች ትለምናለች። ልመናው ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ቀኑ አንድ አይደለም። በዓለ ሃምሳ እስኪፈጸም ድረስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙምና፣ ግብዣው እንደ ቀጠለ ሰባት ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ታማሚውን ወይም ክብደቱን የሚጠብቀውን ሰው ሳንጎዳ፣ ከማዕዱም ሳንለይ፣ ከሻይ ጋር ምን እናቅርብለት?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከጣርማበር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ መከተል ይበቃል። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝና የግሼ ደጋ በብዙው ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ውርጭና ነፋስ ጤፍ አይሆንለትም። የመርሐቤቴ ሰው ወደ ጀማ ወንዝ በሚያቆለቁለው ሞቃታማ ቆላው ጤፍና ማሽላ ሲያመርት፣ የመንዝ ደገኛ ግን ኑሮውን የመሠረተው «የእህል ንጉሥ» ብሎ በሰየመው በገብስ ላይ ነው። መኸሩም በልጉም በአመዛኙ ገብስ ነው። እንጀራው፣ ቂጣው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላውም ከዚሁ ይወጣል።

በዚህ ገብስ ማሳ ውስጥ አንድ ያልተዘራ እንግዳ አብሮ ይበቅላል፤ ሲናር ይባላል። የአጃ ወገን ነው። በሌላ አገር ቢሆን እንደ አረም ተነቅሎ በተጣለ ነበር። የእኛ ደገኛ ገበሬ ግን አብሮ ያጭደዋል፣ አብሮ ይወቃዋል፣ አብሮም ያስፈጨዋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር በሰበሰበ ጊዜ የአገሪቱ ገብስ በዓይነቱ ብዛት እጅግ አስደንቆት ነበር። አጃ ተብሎ ለብቻው የሚዘራውም ቢሆን በየቤቱ ባዕድ አይደለም። አራስ የምትጠጣው አጥሚት፣ በሽተኛ የሚያገግምበት ሙቅ፣ ሕፃን የሚያድግበት ገንፎ ከእርሱ ይዘጋጃል። የሚያሳዝነው፣ ከውጭ በካርቶንና በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣውን አጃ በውድ ዋጋ የሚገዛው የከተማ ሰው፣ በገበያ ላይ በቁና የሚሰፈረውን የአገሩን አጃ የአራስና የሕመምተኛ ምግብ ብቻ አድርጎ መቁጠሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የመንዝ ገበሬም በሶውን በቅቤ ያሻል፤ ገንፎውንም በቅቤ ያጠቅሳል። ነገር ግን ያ ቅቤ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ዳገት ሲወጣ፣ በብርድ ሲታረስበት ይውላል። የእርሱን ምግብ ይዘን የእርሱን ድካም የተውን እኛ የከተማ ሰዎች ነን። በወንበር ላይ ለሚውል ሰው የቅቤው መጠን መቀነስ ይኖርበታል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች የሚሰጠው 4 ብቻ ነውና፣ ብስኩትን ለማቅለል መጀመሪያ የሚነካው የስቡ መጠን ነው። ቅቤን በዘይት መተካት ብቻውን ካሎሪን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው መጠኑን ማሳነስ ነው።

የአጃ ጥቅም ቤታ ግሉካን ከሚባለው የአሠር ዓይነት የሚገኝ ነው። ይህ አሠር ከውኃ ጋር ሲገናኝ ልክ እንደ ተልባ ይለጠልጣል፤ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል፤ ስለዚህም ሰው ጠግቦ ይቆያል፣ የደም ስኳርም በድንገት አያሻቅብም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ከአጃ ማግኘት፣ ስብ ከተቀነሰበት አመጋገብ ጋር፣ ለልብ ሕመም የመጋለጥን ዕድል ሊቀንስ እንደሚችል በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ተመሳሳይ ፈቃድ ለገብስ ሰጥቷል። የደጋው ሁለት እህሎች በአንድነት ተመሰከረላቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ለ24 ትናንሽ ብስኩቶች የሚያስፈልገው 200 ግራም አጃ፣ 100 ግራም የገብስ ወይም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 50 ግራም ዘይት (አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል)፣ 60 ግራም ማር (ሦስት የሾርባ ማንኪያ)፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ አንድ እፍኝ ዘቢብ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ነው።

አጃው የገበያ ከሆነ ተፈትጎ ገለባው ይወገዳል፤ ለስለስ ባለ እሳት ሽታው እስኪያውድ ይታመሳል፤ ከዚያም እንደ ቅንጬ ይከካል። የተከካው አጃ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ሙዙ ከማሩ፣ ከዘይቱና ከእንቁላሉ ጋር ተደፍጥጦ ይመታል፤ በዚህ ላይ አጃው፣ ዱቄቱና ሌላው ሁሉ ተጨምሮ በማንኪያ ይለወሳል። ዘይት በጥቂቱ በተቀባ ትሪ ላይ በማንኪያ እየተቆነጠረ ይደረደራል፤ በራሱ አይዘረጋምና ጠፍጠፍ ይደረጋል። በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ሲቆይ ጠርዙ ይቀላል። ኦቨን የሌለው ቤትም አይቸገርም፤ ድፎ እንደሚጋገረው ሁሉ በክዳን ሸፍኖ ከላይም ከታችም መጠነኛ ፍም ማድረግ ነው። እንዳያር ግን ደጋግሞ መመልከት ያሻል።

የውጭ አገር የብስኩት መጽሐፍ ይዘው ሞክረው የከሸፈባቸው እናቶች ጥፋቱ የእጃቸው አለመሆኑን ይወቁ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሩም ግፊት አነስተኛ ነው። እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፤ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው አየር ከልክ በላይ ይነፋል፤ ስኳሩ ይከማችና ብስኩቱ ይፈስሳል። መፍትሔው ስኳሩንና ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ውኃውን ጥቂት መጨመር ነው። ደጋው ራሱ «ስኳር ቀንሱ» ብሎ የሚመክር ይመስላል።

በዚህ መጠን የተሠራ አንድ ብስኩት በግምት 85 ካሎሪ ይኖረዋል። በቅቤና በስኳር የጠገበው የተለመደው የአጃ ብስኩት በተመሳሳይ መጠን ቢሠራ ከዚህ የበለጠ ካሎሪ ይኖረዋል። ወደፊት ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ደግሞ እንቁላሉን ትቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጦ እስኪለጠልጥ ማቆየትና በምትኩ መጨመር ይቻላል።

ይሁን እንጂ እውነቱ ሊሸሸግ አይገባም። በአንድ ብስኩት ውስጥ ያለው አጃ 8 ግራም ያህል ብቻ ነው። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ከብስኩት ብቻ ለማግኘት የሚሻ ሰው ዘጠኝ ያህል መብላት ሊኖርበት ነው፤ ያም ከ750 ካሎሪ በላይ ስለሚሆን ክብደት የሚቀንስ ሳይሆን የሚጨምር ይሆናል። ለጤና የሚፈለገው አጃ በጠዋት ገንፎና በቅንጬ ይገኛል፤ ብስኩቱ ለደስታ ነው። «ማር እንደ ስኳር አይጎዳም» የሚለውም አነጋገር ለስኳር ሕመምተኛ አደገኛ ስሕተት ነው። ማርም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ አባታችን የሚያነሡት አንድ ወይም ሁለት ይሁን፤ ሻዩም ያለ ስኳር ይቀዳላቸው። ሐኪማቸው የሰጣቸው ምክርና መድኃኒት በዚህ አይተካም።

በመንዝ ቤት እንግዳ ሳይቀምስ አይሸኝም። እኛም ከማዕድ ዳር የተቀመጡትን በልመና ብዛት ከማስጨነቅ፣ እነርሱ ሊቀምሱት የሚችሉትን አስበን ብንጋግርላቸው ለእንግዳ የሚገባውን ክብር ሰጠናቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ «ይቅርብኝ» ያሉት አባት እጃቸውን ዘርግተው አንዲት ያነሣሉ፤ በአንድ ማዕድም አብረው ይመርቃሉ።

መልካም የትንሣኤ በዓል!