የሰርግ ፎቶግራፍና የሌንስ ፊዚክስ፦ ጀማሪው የቱን ይምረጥ?

በቤተ ሙከራ ውስጥ የተበላሸ ሙከራ ይደገማል፤ ተክሊል ግን አይደገምም። ሙሽሮች የወላጆቻቸውን ጉልበት የሚስሙበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ካለፈ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ካሜራ ያለው ወጣት ሁሉ ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ የዘመድ ወይም የጓደኛ ሰርግ እንዲያነሳ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ “የትኛው ሌንስ ያስፈልገኛል?” የሚል ነው። አብዛኛው ጀማሪ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ረጅም ሌንስ የተሻለ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የብርሃን ፊዚክስ ሌላ መልስ ይሰጠናል፤ በሰርግ ላይ ከማቅረብ ይልቅ ብርሃን ማስገባት ይቀድማል።

ዓይናችን ያታልለናል

በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። በአምፖል በሚበራ አዳራሽ ውስጥ ግን ብርሃኑ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ አያልፍም፤ በሻማና በጥቂት መብራት በሚደምቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ልዩነቱ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። እኛ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩን አናስተውልም፤ የዓይናችን ብሌን ሲሰፋና ሬቲናችን ትብነቱን ሲጨምር አዳራሹ “ብሩህ” ሆኖ ይታየናል። ካሜራ ግን እንዲህ አይታለልም፤ የሚመዘግበው የደረሰውን ብርሃን ብቻ ነው።

የኤፍ ቁጥር ምስጢር

በእያንዳንዱ ሌንስ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያው በሚሊሜትር የሚገለጸው የትኩረት ርቀት ሲሆን ሁለተኛው ኤፍ ቁጥር ይባላል። ኤፍ ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ለብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። በመሆኑም ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል።

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠውን የተለመደ 18-55 ሚ.ሜ. ሌንስ እንውሰድ። በረጅሙ ጫፍ ላይ ኤፍ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ 5.6 ስለሆነ ቀዳዳው 55 ÷ 5.6፣ ማለትም 10 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ዙም የሌለው ባለ 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን 50 ÷ 1.8፣ ማለትም 28 ሚ.ሜ. የሚጠጋ ቀዳዳ አለው። ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከኤፍ ቁጥሩ ካሬ ጋር ተገላቢጦሽ ግንኙነት ስላለው የሁለቱ ልዩነት (5.6 ÷ 1.8)²፣ ይኸውም ወደ 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? በ150 ሉክስ አዳራሽ ውስጥ፣ አይ ኤስ ኦ 800 ላይ፣ በኤፍ 5.6 ለማንሳት ሹተሩ ለሴኮንድ 1/15ኛ ያህል ክፍት መሆን አለበት። ሙሽራዋ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ፍጥነት ፊቷን ብታዞር በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ3 ሴ.ሜ. በላይ ትንቀሳቀሳለች፤ ምስሉም ይደበዝዛል። በኤፍ 1.8 ግን 1/145ኛ ሴኮንድ ይበቃል፤ እንቅስቃሴውም ወደ 3 ሚ.ሜ. ዝቅ ይላል። የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ሥርዓት ያለው ሌንስ እንኳ ይህን ሊተካ አይችልም፤ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ እስክስታ የሚወርደውን ሚዜ አይደለምና።

አይ ኤስ ኦ ብርሃን አይፈጥርም

“አይ ኤስ ኦውን ከፍ ባደርገውስ?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዘመናችን ካሜራዎች ይህ ጥሩ ረዳት ቢሆንም ተአምር አይሠራም። ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ሲሆን አመጣጣቸው እንደ ዝናብ ጠብታ የተዘበራረቀ ነው። በአማካይ 100 ፎቶን በሚደርስበት ነጥብ ላይ ልዋጩ 10፣ ማለትም 10 በመቶ ነው፤ 10,000 ሲደርስ ግን 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። በጨለማ የተነሳ ፎቶግራፍ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። አይ ኤስ ኦን መጨመር የደረሰውን ማጉላት እንጂ አዲስ ፎቶን ማምጣት አይደለም። 10 እጥፍ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ግን የምስሉን ንጽሕና ከ3 እጥፍ በላይ ያሻሽላል።

ፍላሽም ቢሆን ወሰን አለው። ብርሃኑ በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በጸሎት ሰዓት መጠቀምም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን ይሻል።

ችግሩ አዲስ አይደለም

ዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴውን በ1839 ለዓለም ሲያስተዋውቅ የሰው ፊት ማንሳት እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ ሌንሱ ጠባብ ስለነበር ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ዮሴፍ ፔትስቫል በ1840 ኤፍ ቁጥሩ 3.6 ገደማ የሆነ የፊት ማንሻ ሌንስ በስሌት ነደፈ። ለአድካሚው ስሌት የመድፈኛ ጦር ሠራተኞች እንደረዱትም ይነገራል። ሌንሱን የፎይግትሌንደር ድርጅት ሠራው፤ ፊትን ለማንሳት የሚያስፈልገው ጊዜም በእጅጉ አጠረ። የዛሬው ጀማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ እንግዲህ፣ ፔትስቫል የመለሰው ያው ጥያቄ ነው።

ሰፊ ቀዳዳም ዋጋ ያስከፍላል

ሰፊ ቀዳዳ ሲከፈት የጥራት ጥልቀቱ ይሳሳል። በብዙ ጀማሪ ካሜራዎች ላይ ባለ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ በኤፍ 1.8፣ በ2 ሜትር ርቀት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው 11 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ሙሽራው ከሙሽራዋ ጥቂት ወደ ኋላ ቢል አንዱ ፊት ይደበዝዛል። በ4 ሜትር ርቀት ጥልቀቱ 44 ሴ.ሜ. ገደማ ስለሚሆን በሁለት ረድፍ ለቆመ ቤተ ዘመድ አይበቃም፤ በኤፍ 5.6 ግን ከ1.3 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ለአንድ ፊት ቀዳዳውን መክፈት፣ ለቡድን ማጥበብ ይገባል።

የካሜራው ሴንሰር መጠንም ሊታሰብ ይገባል። ሴንሰሩ ከ36 × 24 ሚ.ሜ. ባነሰባቸው የተለመዱ ጀማሪ ካሜራዎች ላይ ባለ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ የሚያሳየው እይታ በትልቁ ሴንሰር ላይ ባለ 75 ወይም 80 ሚ.ሜ. ከሚያሳየው ጋር ይመሳሰላል። ለፊት መልካም ነው፤ ለጠባብ ሳሎን ግን አይሆንም። ሰፊ እይታ ባለው ሌንስ ተጠግቶ ፊት ማንሳትም አይመከርም። ከአፍንጫ እስከ ጆሮ 12 ሴ.ሜ. ብንወስድ፣ ከ40 ሴ.ሜ. ርቀት ላይ አፍንጫ ከጆሮ አንጻር በ30 በመቶ ጎልቶ ይታያል፤ ከ2 ሜትር ላይ ግን በ6 በመቶ ብቻ።

ታዲያ የቱ ይመረጥ?

በቅድሚያ ከካሜራው ጋር የመጣውን ሌንስ መናቅ አይገባም። ለመናፈሻ ፎቶግራፍና ለቤተሰብ ቡድን በቂ ነው። ከቤት ውጭ የሚያስቸግረው የብርሃን ማነስ ሳይሆን አቅጣጫው ነው፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። መፍትሔው ሙሽሮቹን ወደ ዛፍ ጥላ መውሰድ እንጂ አዲስ ሌንስ መግዛት አይደለም።

ቀጥሎ ሊገዛ የሚገባው ባለ 50 ወይም ባለ 35 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ዋጋው ከሌሎች ሰፊ ቀዳዳ ካላቸው ሌንሶች ያነሰ ነው፤ ቤቱ ጠባብ ከሆነ 35ቱ ይመረጣል። ባለሙያዎች የሚይዙት ባለ 70-200 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8 ሌንስ ከ71 ሚ.ሜ. በላይ የሆነ የብርሃን መግቢያ ያስፈልገዋል፤ ከ1 ኪሎግራም በላይ የሚመዝነውና ውድ የሆነውም ትልቅ መስታወት ስለሚጠይቅ ነው። እርሱን ከመግዛት ይልቅ ለአንድ ሰርግ መከራየት ይሻላል።

በመጨረሻም፣ የቱንም ሌንስ የመረጠ ጀማሪ ከሰርጉ በፊት አዳራሹንና ቤተ ክርስቲያኑን በዝግጅቱ ሰዓት ሄዶ ይሞክር፤ የሹተሩን ፍጥነት ይመዝግብ፤ የሚበቃውን ቀዳዳ ያስላ። የመጀመሪያዎቹን ሰርጎችም ልምድ ላለው አንሺ ረዳት ሆኖ ቢጀምር ይመረጣል። ሙሽሮች አምነው የሚሰጡት ሊመለስ የማይችል ቀናቸውን ነውና፣ ስሌቱ ከሰርጉ ቀን ቀድሞ ይጠናቀቅ።