ለቴሌቪዥን ማጫወቻ ሲመረጥ

ከቴሌግራም የወረደ ፊልም ስልክ ላይ ያለ ችግር ይታያል። ያው ፊልም ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ግን አንዳንዱ ጭራሽ አይከፈትም፣ አንዳንዱ ምስል እያሳየ ድምፅ ይነሳል፣ ሌላው ደግሞ እየተቆራረጠ ያሰለቻል። ያኔ ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ረግሞ ወደ ሱቅ ይሄድና «ፎር ኬ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ቦክስ ገዝቶ ይመለሳል። እኔ ግን ካርቶኑን ከማንበብ በፊት ቤት የተጠራቀመውን ፋይል መፈተሽ ይቀድማል ባይ ነኝ።

በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ኤምፒ4 ወይም ኤምኬቪ እንደ አገልግል ነው፤ ውስጡ ዶሮ ይሁን ሽሮ ካልተከፈተ አይታወቅም። ወሳኙ ምስሉ የታመቀበት ስልት፣ ማለትም ኮዴኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ኤች.264 የማያጫውት መሣሪያ ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። በ2013 የተከተለው ኤች.265 (ኤችኢቪሲም ይባላል) ተቀራራቢ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ገደማ መጠን ስለሚይዝ በዳታ ለሚያወርድ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ፣ የታመቀውን መፍታት ከባድ ሥራ ነው። ቺፑ ለዚሁ የተሠራ ፈቺ ካለው ሥራው ይቀለዋል፤ ከሌለው ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ይታገላል፤ መቆራረጡም የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ፎር ኬ ነው ወይ?» ከማለት «10 ቢት ኤችኢቪሲ ያጫውታል ወይ?» ማለት ይሻላል።

የድምፁ ጉዳይ ሌላ ነው። ዲቲኤስ የሚባለው የድምፅ ዓይነት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሁሉም ቴሌቪዥን አይቀበለውም፤ ሳምሰንግ እንኳ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ትቶታል። ምስሉ እየታየ ድምፁ የጠፋበት ሰው ስፒከሩን ከማስፈታቱ በፊት ይህን ይጠርጥር።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የፍላሹ ነው። በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ፋይል እንጂ ከዚያ በላይ አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይህን ገደብ ቢያነሳም አሮጌ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ላያውቁት ይችላሉ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚሰካ ከሆነም የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት 500 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ካልተነሳ የተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ ኃይል አንሶት ይሆናል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ የዲሹ ሪሲቨር ዩኤስቢ ካለው መጀመሪያ እሱን መሞከር ነው፤ ለቆዩ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰኩት ትናንሽ ስቲኮች በአብዛኛው የተሠሩት ለኢንተርኔት ስርጭት ስለሆነ ፍላሽ መሰኪያ እንኳ የሌላቸው አሉ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኝቶ ቪኤልሲ ከተጫነበት ግን ከብዙ ቦክስ ይበልጣል። ቪኤልሲ በ1996 በኢኮል ሳንትራል ፓሪስ ተማሪዎች የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የማይከፍተው ፋይል ጥቂት ነው። ጉድለቱ ሪሞት አለመኖሩ ነው፤ ሶፋ ላይ ለተጋደመ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ዋይፋይ ራውተር ያለው ቤት ጄሊፊን የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ፊልሙን ያለ ፍላሽ ወደ ቴሌቪዥኑ መላክ ይችላል። ፊልሙ ከራውተሩ አልፎ ስለማይሄድ ዳታ አይበላም።

የአንድሮይድ ቦክስ ለሚገዛ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2023 መጀመሪያ ቲ95 በሚል ስም የሚሸጥ ርካሽ ቦክስ ጎጂ ሶፍትዌር አብሮት ተጭኖ እንደሚመጣ ተጋልጧል። በርካሾቹ ላይ የሚጻፈው የራም መጠንም ሁልጊዜ አይታመንም። ቦክሱ ለፍላሽ ፊልም ብቻ ከተፈለገ ከዋይፋይ ሳያገናኙ መጠቀም ይቻላል።

የአማርኛ ሰብታይትል የሚጠቀም ደግሞ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጡን ያረጋግጥ። እንዲያም ሆኖ የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት ቴሌቪዥን ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል። ኮዲ የተባለው ማጫወቻ የራስን የፊደል ፋይል ማስገባት ስለሚፈቅድ ይህን ይገላግላል።

ሱቅ ሲኬድ ቤት ያስቸገሩትን ፋይሎች በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይጫወቱ፤ በሪሞት ወደፊትና ወደኋላ ይሞከሩ። ከዚያ መሀል ላይ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ መሰካትና ካቆመበት መቀጠሉን ማየት ይገባል። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ሰፈር ፊልሙን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር ቦክስ ያስመርራል።