«ክምችት» ወይስ «ይዘት»? ስለ ሌዘር ፍቀት ምርመራ ቃላት

ሰቆጣና የዝቋላ ወረዳ በሚገኙበት በዋግ ኽምራ፣ ከፍተኛውን ቦታ የሸፈነው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። (ይህ ዝቋላ ከሸዋው ተራራ ጋር እንዳይምታታ ተርጓሚው ልብ ይሏል።) ከዚህ ዓለት የተወሰደች ቅንጣት ተመርምራ «20 ፒፒኤም የኒዮቢየም ክምችት አላት» ተብሎ ቢተረጐም፣ አንባቢው ማዕድን የተገኘ ይመስለዋል። በሥነ ምድር ቋንቋ ክምችት ማለት፣ በጉጂ እንደሚገኘው እንደ ቀንጢቻው ታንታለም፣ ተቆፍሮ የሚወጣ ሀብት ነውና። 20 ፒፒኤም ግን ከሚሊዮን 20 እጅ፣ ይኸውም በአንድ ቶን ዓለት ውስጥ 20 ግራም ብቻ ነው። ክምችት በውሃ ለሟሟ ጨው ቢያገለግልም፣ ለዓለት «ይዘት» የሚለውን እንመርጣለን።

ይህ ቁጥር የሚገኝበት መንገድ ሌሎችም ቃላት ይፈልጋል። ሌዘሩ የቅንጣቷን ገጽ ይፍቃል፤ ብናኙ በጋዝ ተገፍቶ ወደ ጋለ ፕላዝማ ይገባል፤ በዚያም ወደ አዮንነት ይለወጣል፤ መሣሪያውም አዮኖቹን በመጠነ ቁስ እየለየ በየሴኮንዱ ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ተግባር «ፍቀት» ብለነዋል። «ትነት» የሚለውን የተውነው ከብናኙ ከፊሉ ጠጣር እንደ ሆነ ስለሚጓዝ ነው።

«መረጃ ማሰባሰብ» የሚለው ሐረግ መጠይቅ የሚያዞር ሰው ያስታውሳል፤ ስለዚህ «የቆጠራ ምዝገባ» ይሻላል። ምዝገባው የሚጀምረው ሌዘሩ ሳይበራ ነው። በዚያን ጊዜ የሚገኘውን «ዳራ» የሚሉት አሉ፤ ዳራ ግን ለሥዕልና ለታሪክ እንጂ ለሚቀነስ ቁጥር አይመችም። «ባዶ ቆጠራ» ብንለው፣ እርሱ ተቀንሶ የሚቀረው «የተጣራ ቆጠራ» ይሆናል።

ዛሬ በሰፊው የሚሠራበትን ስሌት ሎንገሪች፣ ጃክሰንና ጉንተር እ.ኤ.አ. በ1996 አብራርተው ጽፈዋል። ለምሳሌ ያህል፣ 40 ፒፒኤም ገደማ ኒዮቢየም የያዘው ናይስት 612 የተባለው መስተዋት 8000 የተጣራ ቆጠራ፣ ናሙናው ደግሞ 2000 ቢሰጡ፣ የናሙናው ይዘት 10 ይመስላል። ነገር ግን ይዘቱ በሌላ ዘዴ አስቀድሞ የታወቀው የናሙናው ካልሲየም ከሚጠበቀው ቆጠራ ግማሹን ብቻ ከሰጠ፣ የተፋቀው ናሙና አነስተኛ ነበርና ውጤቱ በ2 ተባዝቶ 20 ይሆናል። መስተዋቱን «ውጫዊ ማነጻጸሪያ»፣ ካልሲየሙን «ውስጣዊ ማነጻጸሪያ» እንላለን። ሁለቱንም በደፈናው «መለኪያ» ያለ ተርጓሚ ስሌቱን ይሰውረዋል።

የናሙናው ቆጠራ ከባዶው ቆጠራ መለየት ሲያቅተው፣ ንጥረ ነገሩ «የለም» ተብሎ መተርጐም የለበትም፤ «ከመለያ ወሰን በታች ነው» ይባላል።