ሰው መሸኛ ይዞ ይሄዳል፤ ጠመንጃውስ?

ደቡብ ወሎ፣ ጃማ ወረዳ ውስጥ ካለችው ከደጎሎ ቤቱን ነቅሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዕቃ ለመጫን ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም። አልጋው ይፈታል፣ ሳጥኑ ይታሰራል፣ የእህል ጆንያው ከታች ይደለደላል፣ ምጣዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ አይሱዙው ላይ ይወጣል። ቀበሌው መሸኛ ይጽፍለታል፤ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይመርቀዋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ።

እሱን ምን ያድርገው?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከጃማ እስከ መካነ ሰላም፣ ጠመንጃ ከቤቱ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። የአያት ስም ሲነሣ ከነውጅግራው፣ ከነምንሽሩ ይነሣል። መሬትና በሬ ሲወረስ እሱም አብሮ ይወረሳል። በሠርግ ይተኮሳል፣ በትልቅ ሰው ለቅሶም ይተኮሳል። ከጣቢያ ርቆ ለሚኖር ገበሬ ደግሞ ሌሊት በረቱን የሚጠብቅለት እሱ ነው። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው ጠመንጃን የሽፍታ ምልክት ብቻ አድርጎ ያያል፤ እንዲህ ያለው አስተያየት ባለቤቱን ከሕግ ያርቀዋል እንጂ ወደ ሕግ አያቀርበውም። ከባለመሣሪያው ጋር መነጋገር የሚቻለው ክብሩን አውቆ ነው።

ቁጥጥሩም ቢሆን የትናንት ሥራ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1922 ዓ.ም. ክረምት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ወደ አገር ስለሚገባ የጦር መሣሪያ የሚደነግግ ውል ፓሪስ ላይ ፈርማለች። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ሁሉ፣ ንጉሡም ደርጉም፣ በየመልካቸው ማን ይታጠቅ የሚለውን ጥያቄ በእጃቸው ለማስገባት ጥረዋል። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የቤት ለቤት የጦር መሣሪያ አሰሳ ያዩ አረጋውያን በር ሲንኳኳ መደንገጥን እስከ ዛሬ አልተውም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ከሁለት ምንጭ ይቀዳል። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና መኖሪያውን የመመሥረት ነጻነት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 51 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱን ሥልጣን ሲዘረዝር የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለራሱ ለፌዴራል መንግሥቱ ሰጥቷል። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነገሩ ይገለጣል፤ የመዘዋወሩ መብት የሰውየው ነው፣ የጠመንጃው ጉዳይ ግን በሌላ ሕግ የሚታይ ነው።

ያ ሌላ ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይባላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ነው ያጸደቀው። የወጣበት ጊዜ የራሱን ታሪክ ይናገራል። በእነዚያ ዓመታት የቱርክ ሽጉጦች በነዳጅ ቦቴና በጭነት መኪና ተደብቀው ሲያዙ መስማት የዘወትር ዜና ሆኖ ነበር። አዋጁ ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማዘዋወርን ይከለክላል፤ የቁጥጥሩንም ማዕከል ፌዴራል ፖሊስ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሕጉ አንድ ከሆነ፣ ጃማ ላይ የተመዘገበ መሣሪያ አዲስ አበባም ያው ነው» ይላል። ወረቀቱ ላይ ሕጉ አንድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የሚገናኘው ከሕጉ ጋር ሳይሆን ከቢሮው ጋር ነው። በገጠር ወረዳ ባለመሣሪያው በስሙ ይታወቃል። የቀበሌው ሊቀ መንበር የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፣ ሚሊሻው ጎረቤቱ ነው፣ ጠመንጃውም ቢሆን ከነታሪኩ የታወቀ ነው። ሱሉልታን አልፎ እንጦጦን ሲወርድ ግን ይህ ሁሉ ምስክርነት ይቀራል። ፍተሻ ላይ የቆመው ፖሊስ የሚያየው አንድ የማያውቀውን ሰው፣ አንድ ጠመንጃና አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ወይም ቁጥሩ ከብረቱ ጋር ካልተስማማ፣ «የአባቴ ነው» የሚለው ቃል ክብደት አይኖረውም።

መንገዱ ራሱ ይህን ያስተምራል። ከደጎሎ በዓለም ከተማ በኩል የሚወጣው መኪና የጀማን ወንዝ ሸለቆ ወርዶ ይወጣል፤ ሙከጡሪ ሲደርስ ኦሮሚያ ክልል ነው፤ በጫንጮና በሱሉልታ አልፎ የአዲስ አበባ አስተዳደር ውስጥ ይገባል። በአንድ ቀን ጉዞ ሦስት የጸጥታ መዋቅር ይታለፋል ማለት ነው። በየኬላው የሚቆመው ሰው የተለያየ ትእዛዝና የተለያየ ስጋት ይዞ ነው የሚጠብቀው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜው አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርን ፈቅዶ ነበር። ጥር 24 ቀን 2016 ለ4 ወራት ተራዝሞ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ አበቃ። አዋጁ ቢያበቃም በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተነሣው ግጭት የፈጠረው ጥርጣሬ በመንገዱ ላይ አለ። በሰላሙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ የሚያልፍ ሰው ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሊቆም ይችላል። ጠመንጃ ከቤት ዕቃ መሀል ተጠቅልሎ ሲገኝ፣ ባለቤቱ ሊደብቀው አስቦ ባይሆንም እንኳ፣ የተደበቀ መሣሪያ ይመስላል። ባለቤቱ ያሰበውን ማንም አያይለትም።

ስለዚህ ጥያቄው ከመጫን በፊት መነሣት አለበት። መጀመሪያ መሣሪያው የማን እንደሆነ መለየት ነው። ለሚሊሻነት ከመንግሥት የተሰጠ ክላሽ የግል ንብረት አይደለም፤ ሰውየው ከወረዳው ሲለቅ በደረሰኝ ማስረከብ ይኖርበታል። የግል ከሆነ ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ ይታያል። ፈቃዱ የወጣው በአባት ስም ሆኖ አባት ከሞቱ፣ ልጅ ብረቱን ወረሰ እንጂ ፈቃዱን አልወረሰም፤ በራሱ ስም መጠየቅ አለበት። ቀጥሎ የሚሄድበት ከተማ ፖሊስ ይጠየቃል። ይህንን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከአገሩ ወረዳ ወረቀት ካገኘ የተቀባዩን ቢሮ ማነጋገር አያስፈልገውም ብሎ ያምናል። የተቀባዩ ቢሮ ቃል ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ጠመንጃው መኪና ላይ መውጣት የለበትም።

«እንግዲያው ለወንድሜ ትቼው ልሂድ» የሚለው መፍትሔ ከሁሉም ይቀናል፤ ከሁሉም በላይ የሚያጠምደውም እሱ ነው። ፈቃድ የሌለው ወንድም እጅ የገባ መሣሪያ ያለ ፈቃድ የተያዘ መሣሪያ ነው። ወንድሙ ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም፤ ባለቤቱም ያለ ፈቃድ አሳልፎ የሰጠ ሰው ይሆናል። አንድ ጠመንጃ ሁለት ወንድማማቾችን ያስከስሳል። ከዚያ ይልቅ ደረሰኝ ተቀብሎ ለፖሊስ ማስረከብ የሚያምም ቢሆንም ንጹሕ መንገድ ነው። የሚያምም መሆኑ መካድ የለበትም፤ የአባቱን መሣሪያ በገዛ እጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚወጣ ሰው የተሰማውን እሱ ያውቀዋል። ለዚህም ነው ቢሮዎቹ ፈጣን፣ ግልጽና በየወረዳው አንድ ዓይነት የሆነ አሠራር የሚገባቸው። ለሰው መሸኛ በአንድ ቀን የሚጻፍ ከሆነ፣ ሕጋዊ ለሆነ መሣሪያም ከፖሊስ ወደ ፖሊስ የሚሄድ ቁርጥ ያለ ወረቀት መጻፍ ከባድ ሊሆን አይገባም። ሕግ አክብሮ የመጣ ሰው በምልልስ ከተሰላቸ ሁለተኛ አይመጣም።

ይህ ጣጣ ባሕር ማዶ ላሉት ኢትዮጵያውያን ደግሞ በሌላ መልክ ይደርሳል። በኢትዮጵያ አንድ ሕግ በብዙ ቢሮ ይሠራል፤ በአሜሪካ ግን ሕጉ ራሱ 50 ቦታ ይለያያል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን በየቀኑ ይኖረዋል። አሌክሳንድሪያ ያድራል፣ ዋሽንግተን ይሠራል፣ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ እኅቱ ቤት ምሳ ይበላል። ቨርጂኒያ፣ ዋና ከተማዋና ሜሪላንድ በግማሽ ሰዓት ይደራረሳሉ፤ የጠመንጃ ሕጋቸው ግን ሦስት ነው። ቨርጂኒያ ለተራ ሽጉጥ መዝገብ የላትም። ዋሽንግተን እያንዳንዱ መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች። ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ሽጉጥ ይዞ ሊኖርባት የመጣን ሰው በ90 ቀን ውስጥ ለግዛቲቱ ፖሊስ አስመዝግብ ትላለች፤ ካሊፎርኒያ 60 ቀን ትሰጣለች። በቨርጂኒያ ፈቃድ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው ወደ ዋሽንግተን የሚወስደውን ድልድይ ሲሻገር ፈቃዱ ያበቃል፤ ዋሽንግተንም ሜሪላንድም የሌላ ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም። ታክሲና ኡበር ለሚነዱት ወገኖች ይህ የመጽሐፍ ነገር አይደለም፤ ተሳፋሪው የት እንደሚወስዳቸው አስቀድመው አያውቁምና።

መንገደኛን የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው። መያዝ ከሚፈቀድበት ግዛት ተነሥቶ መያዝ ወደሚፈቀድበት ግዛት የሚያልፍ ሰው መሣሪያው ካልጎረሰና እጅ ከማይደርስበት ቦታ ከሆነ ያልፋል። ዕቃ መጫኛ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ ከሹፌሩ ጎን ያለችው ትንሽ መሳቢያ አትቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዲት የፊላደልፊያ እናት የግዛቶቹን ሕግ ልዩነት በራሷ ላይ አየችው። የፔንሲልቫኒያ ፈቃድ ነበራት፤ ኒው ጀርሲ ገብታ ፖሊስ ሲያስቆማት ሽጉጥ እንዳላት ራሷ ነገረችው። ታሰረች፣ ለዓመታት እስር የሚያበቃ ክስ ቀረበባት። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒው ጀርሲ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ እስኪያደርጉላት ድረስ ነገሩ አልተቋጨም።

ለኢትዮጵያዊ ስደተኛ አደጋው ከዚህም ይከፋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በአሜሪካ ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው በጥቅሉ አይችልም፤ መኖሪያ ወረቀት የሌለው ጨርሶ አይችልም። ዜግነት ያላገኘ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ደግሞ ቅጣቱ እስሩ ላይ አይቆምም፤ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ለአንዱ መቀጮ ሆኖ የሚያልፍ ስሕተት ለሌላው የ20 ዓመት ኑሮ ሊያፈርስ ይችላል። ግዛት ለመቀየር ያሰበ ሰው ከቤት አከራይ ቀጥሎ የሚጠይቀው የስደተኝነት ጠበቃ ቢሆን የከፈለው ገንዘብ አይቆጨውም።

ከአሜሪካ ጠቅልለው ወደ አገር የሚመለሱም አሉ። ፍሪጁን፣ ሶፋውን፣ የልጆቹን ብስክሌት በኮንቴይነር ያስጭናሉ፤ አንዳንዱ በቨርጂኒያ በሕግ የገዛትን ሽጉጥም አብሮ ሊያስጭን ያስባል። ከአሜሪካ ለማስወጣት የአሜሪካ መንግሥት ደንብ አለ፤ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቨርጂኒያው ደረሰኝ ጉምሩክ ላይ የሚያስረዳው ሽጉጧ እንደተገዛች ብቻ ነው። ደጎሎ ያለውም ሰውዬ አይሱዙው ከመምጣቱ ከሳምንታት በፊት ጠመንጃውን ከግድግዳው ሳያወርድ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ወደ ወረዳው ፖሊስ ቢሄድ፣ ቁጥሩን ቢያስመሳክርና የአዲስ አበባውን መልስ ቤቱ ሆኖ ቢጠብቅ፣ ጀማን የሚሻገረው ዕቃውንና ልጆቹን ብቻ እያሰበ ይሆናል።