ስግድ፦ የቤተ እስራኤል የተራራ በዓል

ስግድ በጎንደር ገጠሮች ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ከአስተሥርዮ፣ ማለትም ከስርየት ቀን፣ 50 ቀን ቆጥረው የሚያከብሩት የጾምና የጸሎት በዓል ነው። ስሙ «ሰገደ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን «ምህላ» እየተባለም ይጠራል። የሚውለው በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር፣ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ነውና ከሩቅ መንደር የተነሣውም በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ አምቦበር መንደር ይደርስ ነበር።

ምእመኑ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እህል ሳይቀምስ ተራራውን ይወጣ ነበር። አንዳንዱ ለትሕትና ድንጋይ ይሸከም ነበር። ከላይ ቄሶቹ በባለ ቀለም ጥላ ሥር ቆመው ኦሪቱን በግእዝ ያነቡ ነበር። ከመጽሐፈ ነህምያ የሚነበበው ክፍል ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ቃል ኪዳኑን ያደሰበት ነው፤ ኢየሩሳሌምን ሳያይ ለሚናፍቅ ገበሬ ከዚህ የቀረበ ታሪክ አልነበረም። ከቀትር በኋላ ሐዘኑ ያበቃ ነበር፦ ሕዝቡ እየዘመረ ወደ መስጊዱ (ጸሎት ቤታቸውን እንዲህ ይሉታል) ይወርድና ዳቦ ተቆርሶ ጾሙ ይፈታ ነበር።

 

ዛሬ አብዛኛው ማኅበረሰብ እስራኤል ገብቷል። ስግድም እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ፓርላማ ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኖ፣ ሺዎች በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ ተሰብስበው ያከብሩታል።